ምርጡ ለድስት፣ ትራፊው ለዘር፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጓሮ ዶሮ እርባታ የአውራ ዶሮ ቦታ

መግቢያ

በበዓል ዋዜማ በአዳማ ገበያ አውራ ዶሮ የሚመዘነው በሚዛን ሳይሆን በእጅ ነው። ገዢው ሁለቱን እግሮች አጣምሮ ይዞ ያነሣዋል፤ ክብደቱን በክንዱ ይገምታል፤ ደረቱን ይዳብሳል፤ ላባው ቀይ ይሁን ገብስማ ለይቶ ያያል። ከዚያም ዋጋ ይቆረጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸጠው ፈጥኖ ያደገው፣ ደረቱ የሞላው፣ ዐይኑ የጠራው ነው። ገዢ ያላገኘው ከሲታ ደግሞ ወደ መጣበት ጓሮ ይመለሳል። በሚቀጥሉት ወራት በዚያ ጓሮ ለሚፈለፈሉት ጫጩቶች አባት የሚሆነው ይኸው የተመለሰው ዶሮ ነው።

ይህ ልማድ በአንድ ዓመት ጉዳት አያሳይም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ቤተሰቡ ሳያውቀው የተገላቢጦሽ የዘር ምርጫ ያካሂዳል፤ ምርጡን ለድስት፣ ትራፊውን ለዘር ያደርጋል። የጓሮ ዶሮ ምርት ዝቅተኛ የሆነበት ምክንያት ሲጠየቅ መኖ፣ በሽታና የዝርያው ድካም በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። ሦስቱም እውነት ናቸው። አውራ ዶሮው ከየት እንደመጣ፣ በማን እንደተመረጠና መቼ እንደሚተካ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚካሄደው የጓሮ ዶሮ ልማት ሴት ዶሮዎችንና እንቁላልን ሲቆጥር አውራ ዶሮውን ከቁጥር አውጥቶታል። በዚህም ምክንያት ብዙ መንጋ ራሱን መተካት ሳይችል ይቀራል። መፍትሔው አውራ ዶሮ ማከፋፈል አይደለም፤ አውራውን አስቀድሞ መምረጥና ዘሩን በለም እንቁላል አማካይነት ከጎረቤት ጎረቤት ማዳረስ ነው።

ሴቷ ትቆጠራለች፣ አውራው ይረሳል

በ2013 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የተካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት የአገሪቱን የዶሮ ብዛት ወደ 57 ሚሊዮን አድርሶታል። ከዚህ ውስጥ ከአምስቱ አራት ያህሉ የአገር ውስጥ ዶሮዎች ነበሩ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልና የዶሮ ሥጋ ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር በቤተሰብ ደረጃ እንዲመረቱ ሲያነሣሣ የከተማው ጓሮም የልማቱ አካል ሆኗል። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች የተሻሻሉ ዝርያ ቄቦችን ገዝቶ በጓሮ ማርባት የተለመደ ሆኗል።

የልማቱ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለካው በተሠራጩ ቄቦች ብዛትና በሚሰበሰበው እንቁላል ነው። ይህ መለኪያ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። አንዲት እናት አምስት ቄቦች ተቀብላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንቁላል ብትሰበስብ መርሐ ግብሩ ተሳክቷል ይባላል። ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹ አርጅተው እንቁላል ሲቀንሱ የሚተካቸው ከየት ይመጣል? መልሱ እንደገና መግዛት ከሆነ የቤተሰቡ ጓሮ መንጋ ሳይሆን በየጊዜው በገንዘብ የሚሞላ ጎተራ ነው። በዚያ ወቅት ገንዘቡ ካልተገኘ የዶሮ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ቆጡም ለማገዶ ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልጋትም። ለምግብና ለሽያጭ ብቻ እንቁላል የሚፈልግ ቤት አውራ ቢያስቀምጥ መኖ ያባክናል፤ ጎረቤትንም በሌሊት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ አውራ የሚያስፈልገው ቤት የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። በተግባር ግን ሦስት የተለያዩ ዓላማዎች በአንድ ጓሮ ይደባለቃሉ፤ እንቁላል መሸጥ፣ ጫጩት ማስፈልፈልና ለበዓል አውራ ማሳደግ። ሦስቱ የሚጠይቁት ዝርያም፣ መኖም፣ ጥበቃም የተለያየ ነው።

ካለፈው የአውራ ዶሮ ሥርጭት የሚገኝ ትምህርት

አውራ ዶሮን በመጠቀም የአገር ውስጡን ዶሮ ለማሻሻል መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። የውጭ ዝርያዎች በ1940ዎቹ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ተቋማት በኩል ከገቡ በኋላ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ ዝርያዎች ለአርቢዎች ሲሠራጩ ቆይተዋል። ሥርጭቱ በለም እንቁላል፣ በጫጩት፣ በቄብና በወጣት አውራ ዶሮ መልክ ይካሄድ ነበር። የአውራ ዶሮ ልውውጥ ተብሎ የሚታወቀው አሠራር ዐሳቡ ቀላል ነው፤ የተሻሻለ አውራ ለአርቢው ይሰጣል፤ አርቢው የራሱን አውራ ያስወግዳል፤ የሚወለዱት ጫጩቶች ግማሽ ደማቸው የተሻሻለ ይሆናል።

አሠራሩ በተለይ በሁለት ነገር ተሰናክሏል። አንደኛው፣ አርቢዎች የአገር ውስጡን አውራ ለማስወገድ ፈቃደኛ አልነበሩም። ቢያስወግዱትም የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ ይገባ ነበር። ለዓመታት ጭልፊትንና ሸለምጥማጥን አምልጦ፣ ጥሬ ሲያገኝ ሴቶቹን ጠርቶ የኖረ አውራ ከጓሮው ሁኔታ ጋር ያልተላመደውን እንግዳ በቀላሉ ያሸንፈዋል። ሁለተኛው፣ ለእንቁላል ብዛት ብቻ የተመረጡ ዝርያዎች የመታቀፍ ጠባይን አጥተዋል። ሌግሆርን አባት ያላት ቄብ ከእናቷ የበለጠ ትጥል ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ እናቷ ታቅፋ፣ ጫጩት አሳድጋ የምታስረክብ ላትሆን ትችላለች። የፈልፋይ መሣሪያ ለሌለው ቤት ይህ ትልቅ ኪሣራ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት የውጭ ዝርያ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ አንድ አውራ ሲመጣ እንቁላል የመጣል ችሎታን ብቻ ሳይሆን የመታቀፍ፣ ከአውሬ የማምለጥ፣ ሙቀትን የመቋቋምና በሽታን የመቻል ጠባይንም አብሮ ይዞ እንደሚመጣ ወይም አብሮ እንደሚያጠፋ ነው። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ የሴት ልጆቹን ዕጣ ግማሽ ግን እሱ ይወስናል። እናት ዶሮ በዓመት ጥቂት ጫጩቶችን ስትተካ አንድ አውራ የመንጋው ሁሉ አባት ይሆናል። ስለዚህ በእሱ ላይ የሚፈጸም የምርጫ ስሕተት ከእያንዳንዷ ሴት ስሕተት የበለጠ ይስፋፋል።

ራሱን የሚተካና የማይተካ ዝርያ

በአሁኑ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከሚታወቁት ዝርያዎች መካከል ቦቫንስ ብራውን፣ ሳሶና ኮክኮክ ይገኙበታል። ለገዢው ሁሉም «የፈረንጅ ዶሮ» ናቸው። ለመንጋው የወደፊት ዕድል ግን በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ።

ቦቫንስ ብራውን በልዩ ልዩ የወላጅ መሥመሮች ማዳቀል የሚገኝ የንግድ ዲቃላ ነው። ብርታቱ ያለው በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። አርቢው ከዚህ ዲቃላ ወንድና ሴት አስቀርቶ ቢያራባ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ ቀለማቸውም፣ ዕድገታቸውም፣ የእንቁላል ምርታቸውም ይበታተናል። ለሥጋና ለእንቁላል በጋራ የሚረባው ሳሶም በንግድ ማዳቀል የሚገኝ በመሆኑ ተመሳሳይ ችግር አለበት። ኮክኮክ ግን በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም የተዘጋጀ፣ ጠባዩ የረጋ ዝርያ ስለሆነ ከራሱ ዘር ጋር ሲራባ ራሱን ይመስላል። በምዕራብ ኦሮሚያ የሆሮ አካባቢ ስም የሚጠራውና በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተከታታይ ምርጫ ሲሻሻል የቆየው የሆሮ ዶሮም እንዲሁ ነው። የሆሮ ዶሮ ታሪክ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ የአገር ውስጥ ዶሮ ዝቅተኛ ምርት የማይለወጥ ዕጣ ሳይሆን ያልተመረጠ ዘር ውጤት ጭምር ነው።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው የአፍሪካ የዶሮ ዝርያ ማሻሻያ መርሐ ግብር ዝርያዎችን በምርምር ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በአርቢዎች ጓሮ ፈትኗል። ይህ አካሄድ ትክክለኛ ነው፤ ዶሮ የሚፈተነው በሚኖርበት ቦታ ነውና። ይሁን እንጂ ከፈተናው በኋላ ለአርቢው ሊደርሰው የሚገባ አንድ ቀላል መረጃ አለ፤ «ይህች ዶሮ ልጆቿን ትተካለች ወይስ አትተካም?» ቄብ ሲሸጥ ዕድሜዋና ክትባቷ ይነገራል። ከእርሷ ዘር ማስቀረት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውም አብሮ ሊነገር ይገባል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» እንደሚባለው፣ ዲቃላውን ለዘር አስቀርቶ ሁለት ዓመት የደከመ አርቢ የተታለለው በዶሮዋ ሳይሆን ባልተነገረው ነገር ነው።

የቆላው ሙቀት የሚጠይቀው

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ባቱም በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ናት፤ መተሐራ ደግሞ እጅግ ዝቅ ያለች ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስና ሲያልፍ ዶሮ ይጨነቃል። ዶሮ የላብ ዕጢ የለውም፤ ሙቀት የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። ሴት ዶሮ አብዝታ ስታለከልክ በደሟ ውስጥ ያለው የኬሚካል ሚዛን ስለሚዛባ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። አውራው ደግሞ ሴቶችን መከተል ይተዋል፤ የዘር ፈሳሹም ጥራት ይቀንሳል። በዚህ ወቅት የታቀፈ እንቁላል ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው የታቀፈችው እናት ናት፤ ጥፋቱ ግን የሙቀቱ ወይም የአውራው ሊሆን ይችላል።

ሙቀቱ እንቁላሉን ከተጣለ በኋላም አይተወውም። በለም እንቁላል ውስጥ ያለው ሽል ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ማደግ ይጀምራል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት የተጠራቀመ እንቁላል ዶሮዋ ሳትታቀፈው ግማሽ መንገድ ጀምሮ ይሞታል። ስለዚህ ለማስታቀፍ የሚፈለግ እንቁላል በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መሰብሰብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥና ከ7 ቀን በላይ ሳይቆይ መታቀፍ አለበት። እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ለዚህ አገልግሎት ጥሩ ነው፤ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው የዘር ወቅት ሊመረጥ እንደሚገባ ነው። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ምቹ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾመ ነቢያት የእንቁላል ፈላጊ ሲቀንስ፣ አየሩም ሲቀዘቅዝ ለም እንቁላልን በርካሽ ከመሸጥ ማስታቀፍ ይሻላል። የመፈልፈያው ጊዜ 21 ቀን ስለሆነ በታኅሣሥ የታቀፈው በጥር ይፈለፈላል፤ ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ። በጥቅምት የተፈለፈሉት ደግሞ ለፋሲካ ይሆናሉ። የሌሊቱ ብርድ ግን ለጫጩት አደገኛ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናታቸው ጋር በተዘጋ ቤት ማደር አለባቸው።

የበዓል አውራና የፈንግል መንገድ

አውራ ዶሮ ለመንጋው የሚያመጣው ዘር ብቻ አይደለም፤ በሽታም ያመጣል። በአዳማና በአካባቢዋ ቤቶች የተለመደው አሠራር የበዓሉን አውራ ዋጋው ሳይወደድ ከቀናት በፊት ገዝቶ እግሩን አሥሮ በጓሮ ማቆየት ነው። በዚያው ጓሮ ቤት ያፈራቸው ዶሮዎች ይጭራሉ፤ ከአንድ ዕቃ ውኃ ይጠጣሉ። የፈንግል በሽታ በሰውነት ውስጥ ሳይታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ገበያ ላይ ጤነኛ የመሰለው አውራ በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል። አውራው ለበዓሉ ይታረዳል፤ በሽታው ግን በጓሮው ይቀራል። ከበዓል በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ መንጋው ሲያልቅ «የዶሮ ዘመን መጣ» ይባላል እንጂ ያ የታሠረ አውራ አይታወስም። ገበያ ደርሶ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮም ከዚህ የተለየ አደጋ የለውም።

መከላከያው የታወቀ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ኤች ቢ ዋንና ላሶታ የተባሉት ክትባቶች ቅዝቃዜ የሚጠይቁ ሲሆን፣ አይ-2 የተባለው ሙቀትን የተሻለ ስለሚቋቋም ለጓሮ መንጋ ይበልጥ ይስማማል፤ በዓይን በጠብታ ይሰጣል፤ በየጥቂት ወራቱም ይደገማል። የቤተሰቡ ችግር ሌላ ነው። አንድ ብልቃጥ የሚበቃው ለብዙ ዶሮዎች ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ብልቃጥ ከምታስከፍት መተውን ትመርጣለች። ጎረቤቶች በአንድ ቀን ካልተከተቡ ክትባቱ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። የጓሮ ዶሮ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዘር ለማሻሻል ሲባል አውራ ዶሮን ከቤት ወደ ቤት ማዘዋወር ምን ማለት እንደሆነ ይታያል። የበዓሉ አውራ በየበዓሉ የሚፈጽመውን ጥፋት የዘሩ አውራ በየወሩ እንዲፈጽመው መፍቀድ ነው።

የእንቁላል እቁብ

የከተማ ነዋሪ ለገንዘብ ችግሩ እቁብን፣ ለኀዘኑ እድርን ፈጥሯል። ለዶሮው ዘርም ተመሳሳይ መላ መዘርጋት ይቻላል። ዐሳቡ ይህ ነው፤ አራት ወይም አምስት ጎረቤቶች ይስማማሉ፤ አውራ የሚያኖረው ሰፊ ጓሮ ያለው አንዱ ቤት ብቻ ይሆናል። በዚያ ቤት ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 የተመረጡ ሴት ዶሮዎች ይኖራሉ። ከዚያ ቤት የሚገኘው ለም እንቁላል በየተራ፣ የምትታቀፍ የአገር ውስጥ ዶሮ ወዳላት አባል ቤት ይሄዳል። አንዷ እናት ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ታቅፋለች። አውራው ከቤቱ አይወጣም፤ የሚዘዋወረው እንቁላሉ ነው።

የዚህ አሠራር ጥቅም ከአንድ በላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ንጹሕና ካልታመመ መንጋ የተገኘ እንቁላል የሚያመጣው የበሽታ አደጋ በእግሩ ከሚሄድ ዶሮ እጅግ ያነሰ ነው። አደጋው ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ጫጩቶችን በነጭ ተቅማጥ የሚገድለው በሽታ ከእናት በእንቁላል ይተላለፋል። ስለዚህ ጫጩቶቹ በተደጋጋሚ በነጭ ተቅማጥ ከሚሞቱበት ቤት እንቁላል መውሰድ ክልክል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከአምስት ቤት አንዱ ብቻ አውራ ስለሚይዝ በተጠጋጉ ግቢዎች ውስጥ የሌሊቱ ጩኸት ይቀንሳል፤ የሌሎቹ ቤቶች መኖም ይተርፋል። ሦስተኛ፣ አባላቱ በአንድ ቀን ክትባት ለማስከተብ የተዘጋጀ ማኅበር ይሆናሉ፤ አንዱ ብልቃጥም በከንቱ አይፈስም። አራተኛ፣ እንቁላል የሚጥሉት ዶሮዎች የማይታቀፉ ዝርያ ቢሆኑም እንኳ የአገር ውስጧ እናት ዶሮ ትታቀፍላቸዋለች። በዚህ መንገድ የሁለቱ ብርታት ሳይደባለቅ ይጣመራል፤ አንደኛዋ ትጥላለች፣ ሌላይቱ ታሳድጋለች።

አሠራሩ እንዲሳካ አምስት ደንቦች መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፣ ምርጫው ከበዓል ገበያ ይቅደም። ከስምንት ሳምንት በኋላ ወንድና ሴቱ ሲለይ ወንዶቹ ለብቻ ይታያሉ። ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ሁለት ምርጥ ወጣት አውራዎች ምልክት ይደረግባቸው፤ እነሱ በምንም ዋጋ አይሸጡም። የሚመረጡት በትልቅነት ብቻ ሳይሆን ብዙ ከጣለችና ጫጩቶቿን ካሳደገች እናት በመወለዳቸው፣ በእግራቸው ቀጥታነትና በንቃታቸው ነው።

ሁለተኛ፣ አውራው በየአንድ ዓመት ተኩሉ ይለወጥ። ሴት ልጆቹ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ አባታቸው በዚያው ቤት ካለ ዘር በዘር ይጋባል፤ የመፈልፈል አቅምና የጫጩቶቹ ብርታት ይወርዳሉ። ተተኪው ከራሱ ልጆች ሳይሆን ከሌላ እቁብ ከመጣ እንቁላል የተፈለፈለ ይሁን።

ሦስተኛ፣ አዲስ አውራ ከመጣ በኋላ ሦስት ሳምንት ይጠበቅ። የሴት ዶሮ አካል የአውራውን ዘር ከሁለት ሳምንት በላይ አከማችቶ ሊያቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጣለው እንቁላል የሚበላ እንጂ የአዲሱ አውራ ዘር ነው ተብሎ የሚታመን አይደለም። ብዙ አርቢ «አዲሱ አውራ ምንም አልለወጠም» የሚለው የቀድሞውን ልጆች እያየ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በሰባተኛው ቀን እንቁላሉ በጨለማ ክፍል በስልክ መብራት ይታይ። የደም ሥር የታየበት ይቀጥላል፤ ጥርት ብሎ የቀረው ይወጣል። የባዶው ብዛት የአውራውን ጤንነት የሚነግር ርካሽ ምርመራ ነው።

አምስተኛ፣ ለእርድ የተገዛ አውራ ከመንጋው ተለይቶ ይደር፤ የሚጠጣበትም ዕቃ ለብቻው ይሁን። ለዘር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተነጥሎ ይታይ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዘመናዊ የጫጩት ማስፈልፈያዎች እያሉ ቤተሰቡ ቄብ ገዝቶ እንቁላል ሸጦ መልሶ ቢገዛ ይቀልለዋል የሚል ነው። መኖ በቋሚነት መግዛት ለሚችል፣ ገበያው ለቀረበለት፣ ሥራዬ ብሎ ለያዘው አርቢ ይህ ትክክል ነው። እንዲህ ያለው ሰው አውራም ሆነ እቁብ አያስፈልገውም። ነገር ግን በጓሮ ከምታረቡት እናቶች ብዙዎቹ ፋጉሎና ፉርሽካ በየወሩ የሚገዙ አይደሉም፤ ዶሮዎቻቸው የሚኖሩት በወጥ ቤት ትራፊና በጭረት ነው። የዲቃላዋ ብርታት የሚታየው በተመጣጠነ መኖ ሲሆን፣ በትራፊ የምትኖር ዲቃላ ግን ብዙም ሳትጥል ትከሳለች። ለዚህ ቤት ራሱን የሚተካ፣ ጥቂት የሚበላ መንጋ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ስለምትጥል በእርሷ ላይ መድከም ዋጋ የለውም የሚል ነው። ቁጥሩ በራሱ እውነት ነው፤ አተረጓጎሙ ግን ያሳስታል። ይህች ዶሮ በዓመት ውስጥ ብዙ ሳምንታትን የምታሳልፈው ታቅፋና ጫጩት ስትመራ ነው። ጫጩት ማስፈልፈልና ማሳደግ ደግሞ በከተማ ገንዘብ የሚያስወጣ አገልግሎት ነው። እንቁላሏን ብቻ ቆጥሮ አገልግሎቷን መተው የላምን ወተት ለክቶ ጥጃዋን እንደ መርሳት ነው። ደግሞም ከሚፈለፈሉት የጓሮ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ለሁለት ወር ሳይደርሱ መሞታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ትርፍ የሚገኘው እናቲቱን ከመለወጥ ይልቅ ጫጩቶቿን ከጭልፊት፣ ከብርድና ከፈንግል ከማዳን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ምርጡን አውራ ለዘር አስቀሩ ማለት ለድሃ ቤተሰብ «ከሁሉ የሚበልጠውን የበዓል ገቢህን ተው» እንደ ማለት ነው። በፋሲካ ዋዜማ አንድ ትልቅ አውራ የሚያመጣው ገንዘብ ለልጅ ልብስ፣ ለቤት ኪራይ ማሟያ ይሆናል። ይህን መሥዋዕትነት ከአንዲት እናት ብቻ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም፤ አይሳካምም። የእቁቡ ዐሳብ የተነሣው ለዚህ ነው። የዘሩ አውራ የአምስቱ ቤቶች የጋራ ንብረት ሆኖ ለአሳዳጊው ቤት የበዓል ዋጋው ከአባላቱ ተዋጥቶ ሊከፈለው ይገባል። አውራው ጊዜውን ጨርሶ ሲለወጥም ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለክትባት ይውላል። ጥቅሙ የሁሉ ከሆነ ዋጋውም የሁሉ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

አውራ ዶሮ በኢትዮጵያዊው ኑሮ ውስጥ ሰዓት ነበር፤ ዶሮ ሲጮኽ ይነሡ፣ ዶሮ ሲጮኽ መንገድ ይጀመር ነበር። ዛሬ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰዓትነቱ ቀርቶ የበዓል ዕቃ ብቻ ሆኗል። በዚህ መካከል የመንጋ አባትነቱ ተረስቷል። የተረሳውን ለማስታወስ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ በቤቶች ሲዞር በሚሞላው ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ይበቃል፤ «የዘር አውራ አለ? ከየት መጣ? መቼ ይለወጣል?» ቄብ የሚያሠራጭ አካልም የሚሰጠው ዝርያ ራሱን የሚተካ ወይም የማይተካ መሆኑን ለተቀባዩ በግልጽ ሊነግር ይገባል።

በአዳሚ ቱሉና በደብረ ዘይት ያሉት የግብርና ምርምር ማዕከላት ከእነዚህ ከተሞች የራቁ አይደሉም። የተመረጠ፣ ራሱን የሚተካ ዘር ለም እንቁላል ከማዕከላቱ ወደ ጥቂት የጎረቤት እቁቦች ቢደርስ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እናቶቹና የሚታቀፉት ዶሮዎቻቸው ይጨርሱታል። ለጥናት የሚሆነው ጥያቄም እዚያው ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በየጓሮው ስንት ዶሮ አለ ብቻ ሳይሆን፣ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ እዚያው የተፈለፈለ ነው ተብሎ ሊቆጠር ይገባል። ለመጪው ፋሲካ በገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው አውራ ሁለተኛው ምርጥ ቢሆን፣ የመጀመሪያውም በጓሮው ከሴቶቹ ጋር ሲጭር ቢታይ፣ ያ መንጋ ራሱን መተካት ጀምሯል።